«መላጣ» ወይስ «ራሰ በራ»? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፀጉሬ መሸሽ የጀመረው 28 ዓመት ሳይሞላኝ ነው። መጀመሪያ አላመንኩም። መብራቱ ነው፣ ሳሙናው ነው፣ ቆራጩ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ራሴን ሸወድኩ። ዛሬ ነገሩ አልቆለታል። አንዱ «መላጣ» ይለኛል፣ ሌላው «ራሰ በራ» ይለኛል። እናቴ ብቻ እስከ ዛሬ «ግንባርህ ሰፋ» ከማለት አላለፈችም። ስለ ቃሉ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ግማሹ ሊያውቅ፣ ግማሹ ሊቀልድ። ለሁለቱም የሚሆን መልስ እነሆ።

መላጣ ለመባል ፀጉር ሙሉ በሙሉ ማለቅ አለበት?

የለበትም። መሀል አናቱ ብቻ የተገለጠም መላጣ ነው። ግንባሩ ወደ ኋላ እየሄደ አናቱ ላይ የደረሰም መላጣ ነው። ከጆሮና ከማጅራት በላይ ምንም የሌለውም እንደዚያው። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ደረጃ አያወጣም።

ሐኪሞች ግን ያወጣሉ። ሃሚልተንና ኖርውድ በተባሉ ሁለት ሐኪሞች ስም የሚጠራ መለኪያ አላቸው፤ የወንዶችን መመለጥ ከ1 እስከ 7 ይከፍለዋል። እኔ 5 ላይ ነኝ፣ ወደ 6 ጉዞ ጀምሬያለሁ።

ዕብራይስጥም ይለያል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ አናቱ ለተመለጠ አንድ ቃል፣ ግንባሩ ለተመለጠ ሌላ ቃል አለ። ምዕራፉ ስለ ለምጽ ነው የሚያወራው፤ ሁለቱንም ግን ንጹሕ ናቸው ብሎ ነው የሚያልፋቸው። መጀመሪያ ሳነበው ትንሽ ቀለል አለኝ።

«መላጣ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ከ«መለጠ»። ግዕዝም ውስጥ ያለ ግስ ነው፤ መግፈፍ፣ መግለጥ፣ ፀጉርን ነቅሎ ማራቆት ማለት ነው። ዐረብኛ የሥጋ ዘመድ አለው፦ ገላው ላይ ፀጉር የሌለውን ሰው «አምለጥ» ይሉታል። ለእኛ ጆሮ «ሩጥና አምልጥ» የሚል ይመስላል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ከምላጭ ካልሆነ በስተቀር።

ለእኔ የሚገርመኝ ግን ሥሩ ሳይሆን ቅርፁ ነው። ከሰበረ ሰባራ፣ ከጎበጠ ጎባጣ፣ ከደከመ ደካማ እንላለን። ከመለጠም መላጣ። ጎረቤቶቹን እዩልኝ! በዚህ ቅርፅ ከሚወጡት ቃላት ብዙዎቹ የተጎዳ ወይም የጎደለ ነገር ስም ናቸው። «መላጣ» ሲባል ገና ከአፍ ሲወጣ ሻካራ የሚመስለው ለዚህ ይመስለኛል። ቃሉ የሚነግረን ስላለው ነገር ሳይሆን ስለሄደው ነው።

«ራሰ በራ»ስ? ከመብራት ጋር ይገናኛል?

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። እኔም ለብዙ ዓመት ይገናኛል ብዬ ነበር የማምነው። ራሱ የበራለት፣ አናቱ የሚያበራ። እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው! አንዱ «መላጣ» ሲለኝ «ራሰ በራ በል፣ ብርሃን ነው» ብዬ አርመዋለሁ።

ግዕዝ ግን ደስታዬን ቀማኝ። እዚያ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በሃሌታው ሀ «በርሀ» ሲባል አበራ፣ ብርሃን ሆነ ማለት ነው፤ «ብርሃን» የመጣው ከዚህ ነው። በሐመሩ ሐ «በርሐ» ሲባል ግን ተመለጠ ማለት ነው። መላጣው ሰውዬም «በራሕ» ይባላል። ትግርኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ መላጣን «በራሕ» ነው የሚሉት፤ ሐውንም ከጉሮሯቸው አውጥተው ይጠሩታል፤ ከብርሃን ጋር የሚምታታበት መንገድ የለም።

አማርኛ እነዚያን የጉሮሮ ድምፆች ጣላቸው። ድምፁ ሲወድቅ መላጣውም ብርሃኑም «በራ» ሆነው ቁጭ አሉ። ስለዚህ «ራሰ በራ» መጀመሪያውኑ የአክብሮት ቃል ተብሎ አልተፈጠረም። እንደ «መላጣ» ፊት ለፊት የሚናገር ቃል ነበር። አንድ ፊደል ጠፋና ብርሃን አገኘ።

ግን አሁን ማን ያንን ያስባል? ሰሚው ብርሃን ከሰማ፣ ቃሉ ብርሃን ሆኗል። እኔም ማረሜን አላቆምኩም።

እንግዲያው በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ?

በትርጉም የለም ማለት ይቻላል። በለዛ አለ። «ራሰ በራ» ለጽሑፍም፣ ለትልቅ ሰውም፣ ለማያውቁት ሰውም ይሆናል። «መላጣ» የቤትና የመንገድ ቃል ነው። ዜና አንባቢ የጠፋ ሰው ምልክት ሲናገር «ራሰ በራ» ይላል እንጂ «መላጣ» ቢል ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ይቆጣል።

«ራስ በራ» ነው «ራሰ በራ»?

«ራሰ»። በግዕዙ ሰ ነው እንጂ በሳድሱ አይደለም። ልበ ሙሉ፣ ሆደ ሰፊ፣ አፈ ጮሌ፣ እጀ ረጅም እንደምንለው ማለት ነው። የመጀመሪያው ቃል መጨረሻው ወደ ግዕዝ ይመለሳል። ሲበዛ «ራሰ በራዎች»፣ ሲታወቅ «ራሰ በራው» ወይም «ራሰ በራዋ»። «ራስ በራስ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ያ እርስ በርስ ወደሚለው ይሄዳል። አንድ ጊዜ «ራስ በራስ ሰውዬ» የሚል ጽሑፍ አንብቤ ሰውዬው ከራሱ ጋር የተጣላ መስሎኝ ነበር።

«መላጣ» ስድብ ነው?

አንዳንዴ። ቃሉን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ማየት ያስፈልጋል።

«ወንድሜ መላጣ ነው» መረጃ ነው። «መላጣው መጣ?» መለያ ነው፤ ሦስት ዮናሶች ካሉ አንዱ በዚህ ይታወቃል። «አንተ መላጣ!» ግን ስድብ ነው። ሰውን በስሙ መጥራት እየተቻለ በጎደለው ነገር መጥራት ምንጊዜም ስድብ ነው። «መላጦ» ደግሞ መሀል ላይ ነው፦ አብሮ አደግ ሲለው ፍቅር፣ ባዳ ሲለው ንቀት።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «እዚያ መላጣው ጎን ጠጋ በሉ» አለ። ታክሲው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። አልተናደድኩም፤ ልጁ መቀመጫ እያመለከተ እንጂ እየሰደበኝ አልነበረም። በዚያው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስብሰባ ላይ ሐሳቤን ለመጣል «የመላጣ ሐሳብ» አለ። ይሄኛው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ቃሉ ያው ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 2 ላይ ልጆች ነቢዩ ኤልሳዕን መላጣ እያሉ አፌዙበት። ነቢዩ ረገማቸው፤ ሁለት ድቦች ከዱር ወጥተው 42 ልጆችን ሰባበሩ። ቅጣቱ በዛ የሚል ሰው አውቃለሁ። ፀጉር አለው።

ዘመናዊውም ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2022 እንግሊዝ አገር የሥራ ክርክር የሚያይ ችሎት፣ አንድን ሠራተኛ በንዴት መላጣ ብሎ መሳደብ ከጾታ ጋር የተያያዘ ትንኮሳ ነው ሲል ወሰነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መመለጥ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ በጣም ስለሚበዛ፣ ስድቡ ወንድነቱን ይነካል። ፍርዱን የሰጡት ሦስቱም ወንዶች ነበሩ። በ2023 በይግባኝም ጸና። ልብ በሉ፣ ችሎቱ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አላስወጣም። ያየው ማን፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንዳለው ነው።

ለትልቅ ሰው ወይም ለአለቃ ሲሆንስ እንዴት ልበል?

መጀመሪያ፣ ማለት አለብህ ወይ? ብዙ ጊዜ «መነጽር ያደረጉት» ወይም «ረጅሙ ሰውዬ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የግድ ከሆነ «ራሰ በራ ናቸው» ምንም አይልም። ከዚያም ለስለስ ያሉ አሉ፦ «ፀጉራቸው ገባ ያለ»፣ «ፀጉራቸው ሳሳ ያለ»። አንቱታ ብቻውን አያድንም። «እርስዎ መላጣ ነዎት እኮ» ብትል ከነአክብሮቱ ነው የምትባረረው።

ለሴትም ይሠራል?

በሰዋስው ይሠራል። ቃሉ አይለወጥም፤ «መላጣዋ» ብቻ ይሆናል። በኑሮ ግን ባይሠራ ይሻላል። ወንድ ሲመለጥ «እድሜ ነው፣ ዘር ነው» ይባላል። ሴት ስትሆን ሰው ምክንያት ይፈልጋል፣ ይንሾካሾካል። የሴቶች ፀጉር ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደ ወንድ ከግንባር አይሸሽም፤ ማበጠሪያ የሚከፍለው መስመር እየሰፋ፣ አናት ላይ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «ፀጉሯ ሳስቷል» ማለት ትክክልም ነው፣ አይጎዳምም።

በካንሰር ሕክምና ፀጉሯ የሄደ ሴት «ፀጉሯ ረግፏል» እንጂ «መላጣ ናት» አትባልም። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲያበቃ ተመልሶ ይበቅላል፤ «ረገፈ» ያንን ተስፋ ይዟል። ቅጠልም ረግፎ ያቆጠቁጣል። «መላጣ» ውስጥ ተመልሶ የሚመጣ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2022 በኦስካር የፊልም ሽልማት መድረክ ላይ ኮሜዲያኑ ክሪስ ሮክ በተዋናይቷ ጄዳ ፒንኬት ስሚዝ የተላጨ ራስ ላይ ሲቀልድ ባሏ ዊል ስሚዝ ወጥቶ በጥፊ መታው። ፀጉሯን በሕመም ምክንያት እያጣች መሆኑን ከዓመታት በፊት ራሷ ተናግራ ነበር። ጥፊው ልክ ነው አልልም። ቀልዱም አላሳቀኝም።

ፀጉሩን የተላጨ ሰው መላጣ ነው?

አይደለም። የተላጨ ነው። ነገ ቢተወው ይበቅላል። መላጣ ግን ቢተወውም ያው ነው።

ቃላቱም ዘመድ አይደሉም፣ ቢመስሉም። «መላጨት» ውስጥ ያለው መ መነሻ ነው፤ ግሱ «ላጨ» ነው። «ምላጭ»ም ከዚያው ነው። «መላጥ»ም እንደዚሁ፣ ብርቱካን «ላጠ» ከሚለው። «መላጣ» ውስጥ ያለው መ ግን የራሱ የቤቱ ልጅ ነው፤ ግሱ «መለጠ» ስለሆነ።

ችግሩ እንደ እኔ ያለው ነው፤ የቀረችውን ዙሪያ በዜሮ የሚላጭ። የተላጨ መላጣ። ሰው ሲጠይቀኝ «ላጭቼው ነው» እላለሁ። ግማሽ እውነት ነው።

ላሽ የያዘው ሰውስ?

ላሽ ሌላ ነው። ፀጉር በአንድ ቦታ ክብ ሆኖ ሙልጭ ብሎ ሲሄድ ነው። ጺምም ላይ ይወጣል። የሰውነት መከላከያ በስሕተት የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም፤ ብዙ ጊዜም ፀጉሩ ይመለሳል።

ቆረቆር ደግሞ ይተላለፋል። ፈንገስ ነው፣ በተለይ ልጆችን ያጠቃል፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ልጅን «መላጣ» እያሉ ማሸማቀቅ ሁለት ጥፋት ነው። ወደ ሐኪም ውሰዱት። («ላሽ በል» የሚለው የአራዳ ቃል ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ፀጉሬ ግን የሰማው ይመስለኛል።)

ከሰው ውጭ «መላጣ» የሚባል ነገር አለ?

አለ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ መላጣ ነው። ዛፉ ተመንጥሮ ያለቀ ተራራም መላጣ ነው። ጎረቤቱን «ገላጣ»ን ግን አትቀላቅሉት። ገላጣ ቦታ ከመጀመሪያውም ክፍት ነው፣ ከ«ገለጠ»። መላጣ ተራራ ግን የነበረው ተወስዶበታል። «ገላጣ ሜዳ» ውበት ሊሆን ይችላል፤ «መላጣ ተራራ» ወቀሳ ነው።

ትርጉም ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ቦታ ሲሳሳቱ አያለሁ። አንደኛው «መላጣ ውሸት» ነው። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የመጣ ነው፤ እኛ «ዓይን ያወጣ ውሸት» የሚል አለን። ሁለተኛው የአሜሪካኑ ንስር ነው። «መላጣ ንስር» ይሉታል። ወፉ ግን ራሱ ሙሉ ላባ ነው፣ ነጭ ላባ። «bald» የሚለው የእንግሊዝኛው ቃል ድሮ ነጭ ምልክት ያለበትንም ይገልጽ ነበር። እኛ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ከብት «ቦቃ» እንላለን። እንግዲህ ወፉ ቦቃ ንስር ነው እንጂ መላጣ አይደለም! እውነተኛ መላጣ የፈለገ ጥንብ አንሳን ይይ።

ከጎን ፀጉር አምጥቶ መሀሉን መሸፈን ስም አለው?

አንድ ቃል የለውም። «ከጎን ተበድሮ» ሲባል ሰምቻለሁ፣ ይበቃል። ዩሊየስ ቄሳርም ያደርገው ነበር። ከአናቱ ያለችውን ወደ ፊት ያበጥር ነበር ይላሉ የጥንት ጸሐፊዎች። ከተሰጡት ክብሮች ሁሉ በጣም የወደደው የሎረል ቅጠል አክሊል የማድረግ መብትን ነበር፤ ይሸፍንለታላ። ንፋስ ግን ለቄሳርም አያዳላም።

«መላጣው» ተብሎ በታሪክ የተጠራ ሰው አለ?

ከ823 እስከ 877 የኖረው የፍራንኮች ንጉሥ ቻርልስ መላጣው። የሚገርመው፣ በዘመኑ የተሳሉት ሥዕሎች ፀጉር አላቸው። ለምን እንደዚያ እንደተባለ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የእኛም ሰፈር «አጭሬ» የምንለው ልጅ ከሁላችን ይረዝም ነበር።

መላጣነት የሚወረሰው ከእናት ወገን ነው?

በከፊል። አንድ ትልቅ ድርሻ ያለው ዘረመል ወንድ ልጅ ከእናቱ በሚያገኘው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። ሌሎች ብዙ ግን ከሁለቱም ወገን ይመጣሉ። ስለዚህ የእናትህን ወንድም ብቻ አይተህ አትፍራ፣ አባትህንም እይ። የወንድ ሆርሞንም አለበት። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ጃንደረቦች እንደማይመለጡ አስተውሎ ነበር። መፍትሔ ብሎ የሚወስደው ግን አላየሁም።

ሰው «መላጣ» ሲለኝ ምን ልመልስ?

አብሮ አደግህ ከሆነ ሆዱን እይና መልስለት፤ አንድ ነገር አይጠፋም። አለቃህ ወይም የማታውቀው ሰው ከሆነ ስምህን ንገረው። «ስሜ እገሌ ነው» ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ዝም ብሎ መሳቅም መልስ ነው፣ ከልብ ከሆነ። ካልሆነ አትሳቅ፤ ነገ ይደግምሃል።

ልጅ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። የእህቴ ልጅ የ5 ዓመት ነው። ባለፈው ጭኔ ላይ ቆሞ አናቴን በሁለት እጁ እየዳበሰ «አጎቴ፣ ፀጉርህ የት ሄደ?» አለኝ። መለጠና አመለጠ አብረው መጡልኝና «አመለጠ» አልኩት። ትንሽ አሰበ።

«ታስሮ ነበር እንዴ?»